ቆዳዬን ለሟች ያዋስኩ ጊዜ

የሰው ፊት ሁለት መሆኑን ታውቃላችሁ? ፊት ለፊት ስመው ከኋላ ስለሚያሙት አይደለም የማወራችሁ፤ እነሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ የምላችሁ ስለ ጨዋው፣ ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ ፀጉሩን በውሃ አርሶ ስለሚመጣው ሰው ነው። የእሱም ፊት ሁለት ነው። ሳለያየው ስለምውል አውቃለሁ።

አብነት ላይ፣ ከግርማ ልብስ ስፌት ጋር ግድግዳ የምትጋራው ፎቶ ቤት የእኔ ናት። ጠባብ ናት። ጠባብ ስላችሁ፣ ደንበኛዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ከዘረጋ ግርማ ሱሪ ይለካበታል። ባቡሩ በልደታ በኩል ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ያሉት ሙሽሮች በሙሉ አንድ ላይ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ለምደናቸዋል።

ዋናው ሥራዬ ፊት ማሳመር ነው። ዘዴው እንዲህ ነው። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ እከፍትና ፊቱን በሁለት ስስ ሽፋን እከፍለዋለሁ፤ እኛ ሌየር እንለዋለን። ታችኛው ሌየር ላይ ቀለሙ፣ ብርሃኑና ጥላው ብቻ ይቀራሉ። በዝናብ ቀን እንፋሎት የሸፈነውን የታክሲ መስኮት አስቡት፤ ከውጭ የቆመው ሰው ጠይም መሆኑ ይታያችኋል፣ አፍንጫው የት አካባቢ እንዳለ ትገምታላችሁ፣ ማን እንደሆነ ግን አትምሉም። ላይኛው ሌየር ደግሞ ደቃቅ ደቃቁን ይሰበስባል፤ የግንባር መስመር፣ የቆዳ ቀዳዳ፣ ጠባሳ፣ ቡግር፣ ተላጭቶ ብቅ ያለ ጢም። ቀለም የሚባል የለውም፣ ግራጫ ነው።

እንግዲህ ይሄን ላይኛውን ብቻውን አትዩት። ምክር ነው። ሰው አመድ ላይ በፊቱ ተደፍቶ፣ ተነስቶ ሲሄድ ትቶት የሄደውን ምልክት ይመስላል። ሰውየው የለም፤ ሽብሽቡ ግን አለ። ወደ ግራ ብትሉ ያያችኋል፣ ወደ ቀኝ ብትሉ ያያችኋል፣ በምን እንደሚያይ ግን አይታወቅም። በዚህ ሥራ ላይ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ግራጫውን ሌየር ስከፍት ግን እስከ ዛሬ ሬዲዮ ከፍቼ ነው። ግርማ ከወዲያ ማዶ «ኳስ ትወዳለህ መቼስ!» ይለኛል። ኳስ አልወድም።

ጥቅሙን ካላችሁኝ፣ ሁለቱን ለይተህ ስትሠራ የሙሽራዋን ቡግር ስታነሳ ቀለሟ አይበላሽም፣ ጥላዋን ስታለሰልስ ደግሞ ቆዳዋ የፕላስቲክ ወንበር አይመስልም። ሌሎች ፎቶ ቤቶች ሙሽራን እንቁላል አድርገው ነው የሚመልሷት። እኔ ጋ የመጣች ሙሽራን እናቷ ታውቃታለች፤ ግን ትንሽ ትጠራጠራለች። ትክክለኛው መጠን እሱ ነው።

ይሄን ሁሉ የምለፈልፈው ወደ እትዬ ዘነበች መድረስ ስለፈራሁ ነው። እንድረስ።

ክረምት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድስት የተከደነበት መስሏል። እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው፣ ዣንጥላቸውን ደጃፌ ላይ አራግፈው ገቡ። ጌጃ ሰፈር ነው ቤታቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ታፈሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። በድንገት ነው የሞቱት። አርባቸው እየደረሰ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ። ልጅ የሚለኝ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ እየጠፋ ስለሆነ ገና ሳይጀምሩ ልቤ ተሸነፈ። «ይሄን አጥራልኝ። ለአርባው የሚሰቀለው ይሄ ነው።»

ስልካቸውን ተቀበልኩ። ሠርግ ላይ የተነሳ ፎቶ ነው። አንድ ኮት የለበሰ ሰው አለ። ኮቱ ጥርት ብሏል፤ ክሩ ይቆጠራል፣ የሦስተኛው ቁልፍ መላላት ሳይቀር ይታያል። ከኮቱ በላይ ግን ፊት የለም። ሰውየው ትከሻቸውን ሳያንቀሳቅሱ አንገታቸውን ብቻ በፍጥነት ሲያዞሩ ነው ፎቶው የተነሳው፤ ፊታቸው እንደ ሟሟ ሻማ ፈሷል። ቀለም አለ፣ ጥላ አለ፣ ሰው የለም።

«እትዬ፣ ሌላ ፎቶ የላቸውም?»

«ሞልቷል። የመንጃ ፈቃዱ አለ፣ የሠርጋችን አለ፣ ጢሙን ያሳደገ ጊዜ የተነሳው አለ። እኔ የምፈልገው ይሄን ነው።»

«ይሄኮ ፊቱ...»

«ፊቱን ነዋ የምፈልገው!» ቁጭ አሉ። ቁጣቸው እኔ ላይ አልነበረም። «ያን ኮት አትልበስ አልኩት። የእህቱ ልጅ ሠርግ ነው፣ ሰው ምን ይላል፣ ሚስቱ ምን ሆና ነው ይላል፣ አልኩት። ለበሰው። ተኳረፍን። ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አዳራሹ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ኋላ አንጀቴ አልችል አለና ‹ታፈሰ!› ብዬ ጠራሁት። ዞረ። ልክ ሲዞር ያቺ ልጅ ስልኳን ቀጭ አደረገች። ሙሽሮቹ ገቡ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጨፋሪው መሃላችን ገባ። ፊቱን በደንብ አላየሁትም፣ ምን እንዳለኝም አልሰማሁም። ቤት ገባን፣ ደክሞኛል ብሎ ተኛ። በዚያው አልተነሳም።»

ግርማ ከወዲያ የስፌት መኪናውን አቁሞ ነበር፤ ስስ ግድግዳ ጥሩ አድማጭ ያደርጋል።

«እንግዲህ ስታጠራው አየዋለሁ» አሉ። «ተቀይሞኝ ነበር ወይስ ታርቆኝ ነበር? ሌላ አልፈልግም።»

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው የሚለው የታወቀ ነው። «እትዬ፣ ፎቶ ውስጥ ያልገባ ነገር ከፎቶ ውስጥ አይወጣም» ይላል። እኔም አፌን የከፈትኩት ይሄንኑ ልል ነበር። አፌ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። «ሞክሬ አየዋለሁ» አለ።

እንደወጡ ግርማ ጭንቅላቱን በበሩ አስገባ። «አንተ ሰው፣ የሞተ ሰው ፊት አትጎርጉር።»

«ፊቱማ የለም እኮ፤ ምኑን እጎረጉራለሁ?»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራው!»

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ይሄ ፊት ከተፈጥሮው ለሁለት ተከፍሎ መምጣቱን ነው። ታችኛው ሌየር እጄ ላይ አለ፤ ቀለሙና ጥላው የጋሽ ታፈሰ ነው። የጎደለው ላይኛው ነው፤ መስመሩ፣ ሽብሽቡ፣ ቆዳው። ያ ደግሞ ከሰው ይዋሳል። በዕድሜ የሚቀራረብ፣ ጠየም ያለ፣ ኑሮ የረገጠው ፊት ነው የሚያስፈልገኝ።

ግርማን ጠየቅሁት።

«የእኔን ቆዳ? ለሬሳ? ቤቴ ልጆች አሉኝ!» ብሎ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወጣ። ሦስት ቀን ሰላም አላለኝም።

ስለዚህ የራሴን አዋስኩ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆምኩ፣ በራሱ እንዲያነሳ አደረግሁት፣ እንደ ጋሽ ታፈሰ ትከሻዬን ሳላንቀሳቅስ አንገቴን አዞርኩ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ሐሳቤ ፈገግታ ልሰጣቸው ነበር። ማን ይጎዳል? ባልቴት ናቸው፣ ኀዘንተኛ ናቸው፣ ባላቸው ፈገግ ብሎ ያያቸዋል፣ አለቀ። ጥርሴን ሳላሳይ፣ የታረቀ ባል ፈገግ እንደሚል ፈገግ አልኩ። ፎቶውን ከፈልኩት፣ ግራጫውን አነሳሁ፣ የፈሰሰው ፊት ላይ አለበስኩት።

አልያዘም።

እንዴት ልንገራችሁ። መስመሮቼ ጋሽ ታፈሰ ፊት ላይ ተንሳፈፉ። የእኔ ፈገግታ በዚህ በኩል፣ የእሳቸው ጥላ በዚያ በኩል። የሌላ ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ አፉ ውስጥ እንደገባበት ሰው፣ ፊቱ በፈገግታው ውስጥ ሆኖ «አውጡልኝ» የሚል ይመስል ነበር። ሳብኩት፣ ገፋሁት፣ አጠበብኩት። ይብሳል እንጂ አይሻልም።

እንግዲያው ተቀይመው ነበር ማለት ነው ብዬ፣ ልቤ ቢያዝንም፣ ቅንድቤን ቋጥሬ ፎቶ ተነሳሁ። ለመቋጠር አልተቸገርኩም፤ ውሃ የሚያደርስልን ሰው ሳይመጣ ቀርቶ ተናድጄ ነበር። አለበስኩት። ይሄም እምቢ አለ። የተቆጣ ሰው በቅንድቡ መሃል ጥላ ይኖረዋል፤ ጋሽ ታፈሰ ግን እዚያ ጋ ብርሃን ነበራቸው።

አስቡት እንግዲህ። የሞተ ሰው ነው፣ ፊት የለውም፣ ግን የቀረበለትን ፊት እየመረጠ ይመልሳል። ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት።

ቀጥሎ ያለውን ባለቤቴ ሮማን ብትነግራችሁ ይሻል ነበር፤ ግን እሷ ስለዚያ ቀን አታወራም። ምሳዬን ይዛ መጣች። እኔ ካሜራው ፊት አንገቴን አጣምሜ፣ ምን ዓይነት ፊት እንደምሠራ ጨንቆኝ ቆሜያለሁ። ከበሩ ላይ «አንተ ሰውዬ!» ብላ ጠራችኝ። ዞርኩ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ያቺ አልነበረችም የታሰበችው፣ ግን ፎቶ ስለሆነች አለበስኳት።

ገጠመች። የገጠመችውን አገጣጠም ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ቁልፍ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲዞር የሚሰማ ነገር አለ አይደል? ስክሪን ድምፅ የለውም፤ እኔ ግን ሰማሁ። መስመሩ ጥላው ውስጥ ገባ፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት ቦታውን ያዘ፣ ከንፈሩ ትንሽ ተከፈተ። ጋሽ ታፈሰ ከነኮታቸው መጡ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አንድ ነገር ሊናገሩ ነው።

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ጨለም አለ፣ የግርማ መኪና ቆመ፣ ሬዲዮው ዝም አለ። ኮምፒውተሩ ግን ባትሪ ስላለው አልጠፋም። ቤቱ ውስጥ ብርሃን የነበረው ያ ፊት ብቻ ነበር፤ ባትሪው ደግሞ ጢጥ... ጢጥ... ይላል።

ሮማን የምሳ ዕቃውን አልለቀቀችም። «ማናቸው?» አለች።

«ጋሽ ታፈሰ ናቸዋ፣ የእትዬ ዘነበች ባል።»

«እሱንስ አውቄያለሁ። ለምንድነው እኔን የሚያዩኝ?»

ምን ልበላት? የፊቱ ቆዳ የእኔ ነው፣ የተነሳው አንቺ ስትጠሪኝ ነው፣ ስለዚህ በከፊል ባልሽ ነው የሚያይሽ ልበላት? አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየች፤ ከዚያ እኔን ሳታይ «አጥፋው» ብላ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ኮምፒውተሩን ላጠፋ ስል ሌላ ጉድ ገጠመኝ። ግራጫውን ሌየር ከራሴ ፎቶ ላይ ሳነሳው ገልብጬ ሳይሆን ቆርጬ ነው የወሰድኩት። የቀረው ፋይል ላይ ያለሁት እኔ፣ ያለ አንድ መስመር፣ ያለ አንድ ጠባሳ፣ ልሙጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። ኀጢአት ሠርቶ የማያውቅ ዱባ። ሮማን ያገባችው እሱን ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን ያለው ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሆነውን አጋንኛለሁ ብላችሁ ብትጠረጥሩኝ መብታችሁ ነው፤ ልማዴ ነው። አንዱን ብቻ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። አብነት ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ አፍጥጠው ያዩኛል። ጭራሽ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሰው መስለኸኝ ነው።»

«ማንን መሰልኩ አባቴ?»

«ተወው። አብሮኝ አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ሰው ነው።» ወደ ታክሲው ሲገቡ ዞር ብለው ጨመሩ። «አይመስልህም ደግሞ። እንዲያው ቆዳህ...» አልጨረሱትም። ፎቶው ገና ከቤቴ አልወጣም ነበር።

እትዬ ዘነበች ሊወስዱ መጡ። በትልቁ አትሜ፣ በፍሬም አድርጌ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጠበቅኋቸው። ጨርቁን ሳነሳው ያለቅሳሉ ብዬ ወንበር አቅርቤ ነበር። አላለቀሱም። ቀርበው፣ ራቅ ብለው፣ እንደገና ቀርበው አዩት። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከዓይን ወደ አፍ አወረዱት። የእኔ ጉንጭ ላይ የሆነ ነገር እንደ ጉንዳን ሄደ። አከክሁት፤ አልለቀቀኝም።

«እሱ ነው» አሉ። «አፉን ከፍቷል፣ አይደል?»

«ትንሽ።»

«ሊናገር ነው።»

«ይመስላል፣ እትዬ።»

«ምን ሊለኝ ነው?»

እውነቱን ልናገር ያሰብኩት እዚህ ጋ ነበር። ‹እትዬ፣ ያ ፊት በከፊል የእኔ ነው፣ የባልዎ ሐሳብ በእኔ ቆዳ ላይ አይነበብም› ልላቸው ነበር። ግን ደግሞ ፈገግታውንም ቁጣውንም የመለሰው እኔ አልነበርኩም። ታዲያ ማን መለሰው ብዬ ልንገራቸው?

«እሱን... እንግዲህ ፎቶ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«ግድ የለም» አሉ ፍሬሙን አቅፈው። «አርባው ላይ እራሱን እጠይቀዋለሁ። ሰው ሁሉ ባለበት። ካልመለሰልኝ ተቀይሞኝ ሄዷል ማለት ነው፤ ያኔ አልቅሼ እተወዋለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፎቶ እንደማይናገር አውቃለሁ። አይመልስላቸውም። ያቺ ሴትዮ በእኔ ቆዳ ምክንያት ባሌ ተቀይሞኝ ሞተ ብለው ቀሪ ዘመናቸውን ሊኖሩ ነው። እንዲያውም ያ ዝም ያለ የፈገግታ ፎቶ በግድ ቢገጥም ኖሮ ይሻል ነበር።

አርባው ደረሰ። ጠዋት ልደታ ቤተ ክርስቲያን ተቀድሶ፣ ሰዉ ለጸበል ጻዲቁ ጌጃ ሰፈር የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ተሰበሰበ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ሮማን «ቆዳህ ሄዶ አንተ ልትቀር ነው?» አለችኝ። እሷ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር የምታወራው እንዲህ እንዲህ እያለች ነው።

ድንኳኑ ሞልቷል። ክፍት የነበረው ቦታ ከፎቶው ሥር ያለው አግዳሚ ብቻ ነው። ሰው ገብቶ ያየውና ሌላ ቦታ ይጣበባል። እኛ አርፍደን ስለመጣን ሄደን እዚያው ተቀመጥን፤ ሮማን በግራዬ፣ ግርማ በቀኜ፤ ጋሽ ታፈሰ ከራሴ በላይ። ፊት ለፊታችን ያሉት ወደ ላይ ያያሉ፣ ወደ ታች ያያሉ፣ ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ብርጭቆ ማየት ይጀምራሉ። አንዲት ሴት አማተቡ። ግርማ በጆሮዬ «አትንቀሳቀስ፤ ስትንቀሳቀስ እሳቸውም ይንቀሳቀሳሉ» አለኝ። ቀልዱን ነው ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

ቄሱ ባረኩ። ምግቡ ቀረበ። ግርማ ፍርሃቱን ለመርሳት ይሁን እኔን ዝም ለማሰኘት፣ የጠቀለላትን አጎረሰኝ። ዝናቡ ድንኳኑ ላይ ወረደ።

እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ሁሉም ሙሾ ሊያወርዱ ነው ብሎ ተዘጋጀ፤ አንዷማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ማሰር ጀምራ ነበር። እሳቸው ግን ፎቶው ፊት መጥተው ቆሙና፣ ደረታቸውን ሳይመቱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ ወጥ ቤት ሆነው ሳሎን ያለ ሰው እንደሚያናግሩ ሆነው ጀመሩ።

«ስለ ኮቱ ነው። ነውር አይደለም፤ ደህና ኮት ነው። አሁን ሳየው ያምርብሃል። እኔ ነኝ ያበዛሁት።»

ቆም አሉ።

«ተቀይመኸኛል?»

ከፊቴ በታች፣ ቆዳዬ ሥር፣ ያ ጉንዳን ሄደ። እትዬ ዘነበች ቀና አሉ፤ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እንደጠሩት ይመስለኛል፣ ጮክ ብለው «ታፈሰ!» አሉ።

«አቤት!»

ወፍራም የወንድ ድምፅ ነበር። ከፎቶው በኩል ነው የመጣው፤ ከእኛ አግዳሚ በኩል። የድንኳኑ ሰው በሙሉ አንድ ላይ ዞረ። አንድ ብርጭቆ ወደቀ። ሮማን ክንዴን በጥፍሯ ጨመደደችው። ቄሱ መስቀላቸውን ፈለጉ።

እትዬ ዘነበች ብቻ ማን እንደተናገረ ለማየት አልዞሩም። ዓይናቸውን ከፎቶው ላይ ሳያነሱ ቆዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ሰው ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ሄዶ ሄዶ ሲያወርድ እንደሚያደርገው።

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው። «አቤት አለኝ። ሲቀየመኝ እኮ ‹ምን!› ነው የሚለኝ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ተቀይሞ አቤት ብሎኝ አያውቅም።»

ሄደው ተቀመጡ። ከባላቸው ሞት ወዲህ በደህና እህል ቀምሰው አያውቁም ይባል ነበር፤ ትሪው ጋ ቀረቡና ቆርሰው ጎረሱ። «በሉ እንጂ፣ ምን ታፈጣላችሁ? ብሉ!» አሉን። ሰዉ ፈርቶም ቢሆን በላ።

ሮማን ክንዴን ሳትለቅ ጎትታ ከድንኳኑ አወጣችኝ። ዝናቡ ላይ አቁማ ዓይን ዓይኔን እያየች «አንተ ነህ! በሰው አርባ ላይ! በባልቴት ኀዘን ላይ ትቀልዳለህ?» አለች። «ተናገር እንጂ! አንተ አይደለህም አቤት ያልከው?»

ልመልስላት ብፈልግም አልቻልኩም። የግርማ ጉርሻ፣ ሳይታኘክ፣ አፌን ሞልቶት ነበር።